ምጣዱ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጎጃም ውስጥ መብራት በገባበት ቤት፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ባሕር ዳርም ይሁን ዳንግላ፣ ከማድ ቤት ዕቃ ሁሉ የሚለፋው ምጣዱ ነው። ስቶቭ ወጥ ሠርቶ ያርፋል። ምጣድ ግን ለቤተሰቡም ለማኅበሩም፣ ለዝክሩም ለእንግዳውም ይጋግራል። ቀድሞ የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

ሲያስቸግር ታዲያ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ እንጀራው ሦስት ቀን ዓይን እምቢ ካለው ተነሥቶ አዲስ ይገዛል። ሌላው ምጣዱ እየነዘረው፣ እጁን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዓመት ሙሉ ይጋግርበታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የኔ መለኪያ ይሄ ነው፦ የዘገየ ዕቃ ይመረመራል፣ የሚነዝር ዕቃ ግን ዛሬውኑ ይቆማል። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን በተራ እንየው።

ደረጃ 1፦ ከምጣዱ በፊት መብራቱን ጠርጥሩ

የቤት ምጣድ በ220 ቮልት ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት አካባቢ ይስባል። ይህ የሚሆነው ግን 220ው በሙሉ ሲደርሰው ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። ወደ 190 ቢወርድ የ3,500 ዋቱ ምጣድ 2,600 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሩብ ኃይሉ ሄደ ማለት ነው። ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲቀንስ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ምጣዱ ሰነፈ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት በሌላ ሰዓት ሞክሩት። ማታ የሚያንቀላፋው ምጣድ በማለዳ ወይም ረፋድ ላይ ደህና ከጋለ በሽታው የመስመሩ ነው። አዲስ ብትገዙም ያው ነው። የበዓል ዋዜማ ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ፋሲካ ሊገባ ሲል የማይሰንፍ ምጣድ የለም።

ሌላው የተለመደ ጉዳይ ሽቦው ነው። እኛ አገር ማድ ቤት ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ጓሮ ነው የሚሠራው። መብራቱ ከቤት የሚሄደው በቀጭን ሽቦ ነው፤ አንዳንዴ ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋው። የመዳብ ሽቦ ሆኖ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ካለውና 25 ሜትር ከተጓዘ፣ ምጣዱ ሲሠራ ወደ 9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ቮልት ደግሞ የትም አይጠፋም፣ ሽቦውን ያሞቀዋል። ምጣዱ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፉትና፣ ሽፋኑ ያልተላጠበትን ቦታ መርጣችሁ ሽቦውን ዳብሱት። ሞቅ ካለ የሚቀየረው ሽቦው ነው። ለእንዲህ ያለ ርቀት 4 ካሬ ሚሊሜትር አስገቡ፣ ከራሱ ብሬከር ጋር። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ካላችሁ ደግሞ ሳትፈቱት ምጣድ አትሰኩበት፤ ጥቅልሉ ውስጥ ሙቀቱ ታፍኖ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ደረጃ 2፦ ስፒናውንና ሶኬቱን እዩ

3,500 ዋትን ለ220 ብታካፍሉት 16 አምፔር ይመጣል። የተለመደው ትልቅ ሶኬት የሚችለውም 16 አምፔር ነው። ትርፍ የለውም። ትንሽ ሲላላ ይግላል፣ ሲግል የበለጠ ይላላል።

ጋግራችሁ ስትጨርሱ አጥፉ፣ ንቀሉ፣ የስፒናውን እግሮች ተመልከቱ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆኑ፣ ፕላስቲኩ ከሟሟ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ስፒናውም ሶኬቱም አብረው ይቀየሩ። አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የተቃጠለው ሶኬት አዲሱን ስፒና በሳምንት ያበላሸዋል። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካትማ ጭራሽ አይታሰብ።

የዚህ ምልክቱ መብራት መጥቶ ሳለ ምጣዱ መሄድ መምጣት ሲል ነው። ጠጋኝ ጋ ተሸክመው ወስደው፣ «እትዬ፣ ምጣድዎ ምንም አልሆነ፤ የነደደው ስፒናው ነው» ተብለው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የታክሲ ሒሳቡ ከስፒናው ዋጋ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ እንጀራውን አንብቡ

ምጣድን ከእንጀራው የተሻለ የሚመረምረው የለም። ደህና ምጣድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ለመጋገር ይደርሳል። ከዚያ እንጀራው ከዳር እስከ መሃል እኩል ዓይን ያወጣል።

አንዱ ጎን ብቻ ዓይን ካጣ፣ ፈዝዞና ረጥቦ ከቀረ፣ ወዲያው «ሽቦው ተበላሽቷል» አትበሉ። ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ከነመቀመጫው ሩብ ዙር አዙሩት። የፈዘዘው ጎን አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የምጣዱ ነው። ውስጥ ሽቦው ከቦዩ ወጥቷል፣ ወይም ከሥር የያዘው ጀሶ ረግፏል። የፈዘዘው ጎን ሳይዞር እዚያው በበሩ በኩል ከቀረ ግን ነፋስ ነው፤ ወይም ወለሉ ዘንበል ብሎ ሊጡ ወደ አንድ ወገን እየፈሰሰ ይወፍራል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥር ማስገባት ነው።

ሁሉም ቦታ ዓይን እያለ እንጀራው አልነሳ ካለ፣ ከተለጠፈ፣ ከተቀደደ፣ ምጣዱን ለመቀየር ገና ነው። ማሟሸት ያስፈልገዋል። በደንብ አግላችሁ፣ የተፈጨ ጎመን ዘር በትናችሁ፣ በጨርቅ አጥብቃችሁ እሹት። ጭሱ እስኪያልቅና ፊቱ ጥቁር ሆኖ እስኪያብረቀርቅ ደጋግሙት። ከዚያም አልነሳ ካለ ሊጡን እዩት። አብሲቱ ያልተስተካከለ ሊጥ በአዲስ ምጣድም አይነሳም፤ የቢቸና ማኛ ጤፍም ቢሆን።

ሁለተኛው ምርመራ ቆጣሪው ነው። ሌላውን ሁሉ አጥፉና ምጣዱን ብቻ 15 ደቂቃ አሠሩት። ቴርሞስታት (ሙቀቱን አይቶ ራሱ የሚያጠፋና የሚያበራ) የሌለው የ3,500 ዋት ምጣድ በዚያ ጊዜ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። ቆጣሪው ይህን ያህል ቆጥሮ ምጣዱ ግን አሁንም ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ መብራቱ ገብቷል፣ ሙቀቱ ግን ወደ ታች እየሄደ ነው። ከሥር ያለው ጀሶና መከላከያ አልቋል ማለት ነው። ይህ ይጠገናል። በጣም ያነሰ ከቆጠረ ደግሞ ወይ ቮልቴጁ ወርዷል፣ ወይ ሁለት ሽቦ ካለው አንዱ ተበጥሷል።

ደረጃ 4፦ ሽቦውን ለኩ

መልቲሜትር ያለው ጎረቤት ወይም ኤሌክትሪሽያን ካለ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ምጣዱ ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ኦሙ፣ ማለትም ሽቦው መብራቱን የሚቋቋምበት መጠን፣ ይለካል። ለ3,500 እስከ 4,000 ዋት ምጣድ ከ12 እስከ 14 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት።

ምንም ካላሳየ ሽቦው ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ከዚህ በጣም ያነሰ፣ ለምሳሌ 8 ኦም ካሳየ፣ ነገሩ ይከፋል። 8 ኦም ማለት 6,000 ዋት፣ ከ27 አምፔር በላይ ማለት ነው። የእናንተ ሶኬትም ሽቦም ይህን አይችልም። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሽቦው በተበጠሰ ቁጥር እየተቆረጠና እየተጠመዘዘ ሲቀጠል ነው። በእያንዳንዱ ጥገና ያጥራል፤ ሲያጥር የበለጠ ይስባል። «እንደ ድሮው አይደለም፣ አሁን እሳት ሆነ» እየተባለ የሚወደሰው የተጠገነ ምጣድ አንዳንዴ እንዲህ ነው። አትደሰቱ።

በጥምዘዛ የተቀጠለ ሽቦ መቀጠያው ላይ እየጋለ እንደገና ይበጠሳል። አንድ ጊዜ ቢቀጠል ግድ የለም፣ ለበዓል ያደርሳል። ሁለተኛ ሲበጠስ ሽቦው በሙሉ ይቀየር።

ከዚያ አንዱን የመለኪያ ጫፍ በስፒናው እግር፣ ሌላውን በምጣዱ ብረት ላይ አድርጉ። ቀለም የሌለው ባዶ ብረት ላይ ይሁን። ሁለቱንም እግሮች ሞክሩ፤ የምድር ሽቦው ግን አይቆጠርም። ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ መብራቱ ወደ አካሉ እያመለጠ ነው፣ ቀጣዩን አንብቡ።

ደረጃ 5፦ የማይታለፉት

እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ምጣዱ ከነዘራችሁ፣ በጣም ቀላል ንዝረት ቢሆንም፣ በዋናው ማጥፊያ አጥፉና ንቀሉ። ማድ ቤት ወለሉ አፈር ወይም እርጥብ ሲሚንቶ ነው፣ እግር ባዶ ነው፣ እጅ ሊጥ ነክቶታል። መብራት ሰውን ለመግደል ከዚህ የተመቸ ቦታ አያገኝም። ፕላስቲክ ጫማ አድርጎ መጋገር መፍትሔ አይደለም። አንድ ቀን ልጅ ባዶ እግሩን ይገባል።

ከክረምት በኋላ የሚመጣ ንዝረት አለ። ምጣዱ ሳይሠራ እርጥበት ውስጥ ከርሞ ሸክላውና ጀሶው ውሃ ጠጥተዋል። እንዲህ ከሆነ ፀሐይ ላይ ለጥቂት ቀን አውጡትና አስለኩት። ደርቆ ንጹሕ ከሆነ ይሠራል። ደርቆም ካመለጠ ሽቦው ብረቱን ነክቷል፣ ወይም መከላከያው አልቋል። ያኔ ይፈታል።

ሸክላው ከተሰነጠቀም እንዲሁ ነው። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሊጥና ዘይት ያሳልፋል፣ ከሥር ደግሞ ሽቦው አለ። በጀሶ ለስኖ መቀጠል ይቻላል የሚል ጠጋኝ አለ። አትስሙት። ሸክላው ይቀየር። መልካሙ ዜና ሸክላው ብቻ ሊቀየር መቻሉ ነው፤ ክዳኑ፣ መቀመጫው፣ ገመዱ ይተርፋሉ። አዲስ ሸክላ ስትገዙ ጠርዙን አንጠልጥላችሁ በጣታችሁ ቋ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ካለው የማይታይ ስንጥቅ ስላለበት መልሱት። ሻጯ ብትቆጣም።

ስንጥቅ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም እርጥብ ጨርቅ ማሳረፍ ነው። ማሰሻው ደረቅ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ሒሳቡን ሥሩ

አሁን ምን እንደተበላሸ ታውቃላችሁ። ጠጋኙን ጠይቁ፦ ስንት? ከዚያ አዲሱን ዋጋ ጠይቁ። ጥገናው የአዲሱን ግማሽ ካለፈ አዲስ ግዙ። ግማሽ ካልደረሰና ዕቃው ከዚህ በፊት ብዙ ካልተጠገነ ጠግኑ። ሸክላውም ሽቦውም አብረው ካለቁና መቀመጫው ከዛገ ግን ክዳን ለማትረፍ ብላችሁ አትድከሙ።

ዕቃ ስትገዙ የተገዛበትን ወርና ዓመት በቋሚ ማርከር ከሥሩ ጻፉ። የተጠገነበትንም ጨምሩ። «መቼ ነው የገዛነው?» የሚለው ክርክር ባልና ሚስትን ሲያጨቃጭቅ ማየት ሰልችቶኛል።

ፍሪጁስ?

ፍሪጅ ከምጣድ ይለያል። ሲታመም ዝም ብሎ ነው፤ የምታውቁት ወተቱ ሲበላሽ ነው።

መጀመሪያ የአየሩን ጠባይ አስቡ። አብዛኛው ፍሪጅ ከኋላው ወይም ከውስጥ በጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሚሠራበት የአየር ሙቀት በፊደል ተጽፎበታል። ኤን የሚለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤስኤን የሚለው ከ10 እስከ 32፣ ቲ የሚለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ላለ ክፍል የተሠራ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማድ ቤቱ ከ16 ዲግሪ በታች መውረዱ የታወቀ ነው። ያኔ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ «የታችኛው ክፍሌ ቀዝቅዟል» ብሎ ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘውን ሞተር፣ ያሳርፋል፣ የላይኛው ፍሪዘር ግን መቅለጥ ይጀምራል። ፍሪጁ አልተበላሸም። ሞቅ ወዳለ ክፍል አዛውሩት። ባሕር ዳር በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፍሪጅ ሙቀቱን መተንፈሻ ያጣና ሳያቋርጥ ይሠራል። ከግድግዳው አንድ ጋት አርቁት፣ ከኋላ ያለውን አቧራ ጥረጉ።

ከዚያ ጎማውን ሞክሩ። የብር ኖት በሩ ላይ አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት። በቀላሉ ከወጣ ጎማው ላልቷል። በአራቱም ጎን ሞክሩ። ጎማ ይቀየራል፣ ርካሽ ነው።

ማታ አንድ ኩባያ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጡ። ጠዋት እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ፣ ኮምፕሬሰሩም ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲያጉረመርም ካደረ፣ ጋዝ ጎድሏል ወይም ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። በየጥቂት ደቂቃው ቀጭ እያለ ካልተነሣ ግን ማስነሻው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ትንሽ ዕቃ ነው፣ በሱ ምክንያት ፍሪጅ አትጣሉ። የታችኛው ክፍል 4 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የሰው ትኩሳት መለኪያ ይህን አይለካም፣ አትልፉ።

ስለ ጋዝ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። «ጋዝ ልሙላልህ» የሚል ጠጋኝ ቀዳዳውን ካላገኘ፣ በወራት ውስጥ ተመልሳችሁ ትከፍላላችሁ። ቀዳዳው የት ነበር ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ቀዳዳውን የሚፈጥረው በረዶን በቢላ መፈልፈል ነው። ወረቀቱ ላይ አር 600ኤ የሚል ካለ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእሳት እንዲበየድ አትፍቀዱ። ሁለተኛ ጋዝ የጠየቀ ወይም ኮምፕሬሰር የሚያስቀይር፣ አሥር ዓመት ያለፈው ፍሪጅ እኔ አልጠግነውም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁን ነቅላችሁ ቆዩ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰኩት። መብረቅ በሚበዛበት የክረምት ከሰዓትም እንዲሁ ንቀሉት። በጎጃም ደጋ ይህን ያላደረገ ሰው ፍሪጁን በዕድሜ ሳይሆን በሐምሌ ያጣዋል።

የቀሩት ዕቃዎች

የውሃ ማፍያ ኬትል ዘገየ ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ነጭ ቅርፊት ካለው ሎሚ በውሃ አፍሉበትና እጠቡ። «ድሮ እኮ ሻዩ የበለጠ ይፋጃል ነበር» ለሚሉም፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባሕር ዳር 94 ገደማ። ጥፋቱ የከፍታው ነው። ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ወይም ሲፈላ የማይጠፋ ኬትል ግን አይጠገንም፣ ይጣላል።

ስቶቭ ሽቦው ከተበጠሰ ሽቦ ይቀየርለታል። ማዞሪያው ከሟሟ ወይም አካሉ ከነዘረ ይቁም። ብሌንደር ሲሽት አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ባዶውን ሞክሩት። ባዶውን እየሠራም ብልጭታውና ሽታው ካልተወ ሞተሩ እያለቀ ነው። ከሥሩ ጭማቂ ወደ ሞተሩ ካፈሰሰ ጎማው ይቀየር። የቡታጋዝ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ እሳት ሳትለኩሱ ቀይሩት። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከነፋ ጋዝ እያመለጠ ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ቤቱን ልቀቁለት።

አሮጌውን ስታስወጡ

ለቁራሌ ወይም ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት የሚነዝረውን ዕቃ ገመድ ከሥሩ ቁረጡት። ካልቆረጣችሁት ሌላ ሰው ገዝቶ ይሰካዋል። ከምጣዱ ላይ ደህና ክዳንና ደህና ስፒና ካለ አስቀሩ። ፍሪጅ ከሆነ በሩን ከማጠፊያው ፍቱና ለብቻው ስጡት። ግቢ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ የሚቆይ ከሆነ በሩ እንደተገጠመ አይደር። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ይገቡበታል፣ የአሮጌ ፍሪጅ በር ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም።